የመንፈስ ጭንቀትና የቤተሰብ ኑሮ፦ ካርዱ ላይ የማይጻፈው

በዚህ አምድ ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ክትባትና ስለ ውኃ ንጽሕና ነው። ዛሬ በቴርሞሜትር ስለማይለካ ሕመም፣ ማለትም ስለ መንፈስ ጭንቀት ወይም ብዙዎቻችን ድብርት ስለምንለው፣ እንዲሁም ከቤተሰብ ኑሮ ጋር ስላለው ግንኙነት የግሌን አስተያየት ላካፍላችሁ እወዳለሁ። የግሌን ማለቴ የድርጅቱ አቋም አለመሆኑን ለመግለጽ ነው። እንዲያውም ከአሠራራችን አንዱን ልነቅፍ ነው የተነሣሁት።

እኔ በነርስነት ሰርተፊኬት ያለኝ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመስኩ ስደተኛ ነኝ። ከመተማ ወደ ገላባት የተሻገርኩት በ2012 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ ምክንያቱ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። እስከ 2023 ድረስ ካርቱም ደይም ሰፈር እየኖርኩ፣ በጅሬፍና በሰሃፋ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ቤት ለቤት እየዞርኩ አገለግል ነበር። የአእምሮ ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው በየቤቱ ደጃፍ ያየሁትንና በየሥልጠናው የተማርኩትን ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ድብርት ማለት ማዘን ማለት አይደለም፤ ሐዘን የሌለበት ስደተኛ የለም። የጤና ሠራተኞች ድብርት የምንለው የልብ ማዘን ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኝ በነበረ ነገር ደስታ ማጣት ቢያንስ ለ2 ሳምንት ሳያቋርጥ ሲቆይ ነው። ከዚሁ ጋር እንቅልፍ ማጣት ወይም መብዛት፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ መቁጠር፣ ሲብስም ሞትን መመኘት ይጨመርና የዕለት ሥራን ያስተጓጉላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ይፋ ባደረገው ግምት መሠረት ጦርነት በነካቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች 22 ከመቶው፣ ማለትም ከ5 ሰዎች አንዱ፣ ድብርትን ጨምሮ አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም አለበት። በእኛ መጠለያ ጣቢያ በአንድ ቤት 5 ሰው መኖሩ የተለመደ ነው፤ ስሌቱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ችግሩ ማንም «ድብርት ይዞኛል» ብሎ ክሊኒክ አለመምጣቱ ነው። «ሐሳብ በዛብኝ»፣ «ልቤን ይመታኛል»፣ «አናቴን ያቃጥለኛል»፣ «ሰውነቴ ተሳሰረ» ነው የሚባለው። በዚምባብዌ የሾና ቋንቋ ተናጋሪዎች ይህንኑ ሕመም «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ትርጉሙ ማሰብ ማብዛት ነው። ከእኛው «ሐሳብ ያበዛል» ጋር መመሳሰሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እኛ ግን ራሱን ላመመው ፓራሲታሞል ሰጥተን እንሸኛለን።

ካርቱም የነበራችሁ የምናገረውን ቤት ታውቁታላችሁ። ሴቷ ከወንዱ ቀድማ ሥራ ታገኝ ነበር። ወይ ሲት ሻይ ሆና ከዛፍ ሥር በርጩማ ደርድራ ትቀመጣለች፣ ወይም ሰው ቤት ገብታ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። እርሷም ብትሆን ከከሻ አታመልጥም፤ ስንት ጊዜ ጀበናዋና ብርጭቆዋ ተጭኖ ሄዷል። ቢሆንም በማግሥቱ ተበድራ ትወጣለች። ወንዱ ግን አገር ቤት መምህር ይሁን ሹፌር፣ ኢቃማ ከሌለው ከግቢ መውጣት ይፈራል። ቀኑን ሙሉ ሆሹ ውስጥ አንገረብ ላይ ጋደም ብሎ ይውላል። የቤት ኪራይ የምትከፍለው ሚስት፣ አረብኛ የሚያውቁት ልጆች፣ ከአከራዩ ጋር የሚደራደሩትም ልጆች ናቸው። አባት በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል።

ጅሬፍ የማውቃቸው አንድ ቤተሰብ ነበሩ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ። ባል አገር ቤት መምህር የነበሩ ናቸው። ሚስት ሻይ ትሸጣለች። 10 ዓመት የሆናት ሴት ልጅና ሁለት ታናናሾች አሏቸው። ለክትባት ክትትል በሄድኩ ቁጥር ሚስት ትነግረኝ ነበር፦ «ሲስተር፣ ይኼ ሰው ሰነፈብኝ። ስመለስ የተቀዳ ውኃ የለ፣ የተጠረገ ቤት የለ። ልጆቹን እንኳ አያናግርም።» ሴትዮዋ እውነቷን ነበር። በቀን 14 ሰዓት እየሠራች ማታ ደግሞ የምታበስለው እርሷ ናት። እኔም «እህቴ፣ ቻይው፤ ወንድ ልጅ ሥራ ሲያጣ እንዲህ ነው» አልኳት። እርሳቸውን ደግሞ በሩ ላይ ሆኜ «ጋሼ፣ ጠንከር ይበሉ እንጂ!» ብያቸው ወጣሁ። ይተኙ እንደሆነ፣ ይበሉ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ካርዱ የሕፃኑ ስለነበረ የሕፃኑን ክብደት ጽፌ ሄድኩ።

አሁን ሳስበው በዚያ ቤት የነበረው ነገር እንዲህ ነው። ሰውየው ታመው ዝም አሉ። ሚስት ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠረችው፤ ስለዚህም ትናገራቸው ጀመር። እርሳቸው በውስጣቸው «ለምንም የማልረባ ነኝ» ይሉ ስለነበር ንግግሯ ማረጋገጫ ሆነባቸውና የባሰ ዝም አሉ። እርሷም የባሰ ተናገረች። ልጆቹ ድምፅ ሳያሰሙ መጫወት ለመዱ። ከጥቂት ወራት በኋላ እርሷም ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ጀመራት። ማን ቀድሞ በደለ ብሎ መጠየቅ አያዋጣም፤ ሕመሙ ጠቡን፣ ጠቡም ሕመሙን ሲቀልብ ሁለቱም ተበዳይ ናቸው።

አንድ ቀን ሚስት እንደምንም አግባብታ ወደ አንድ ክሊኒክ ላከቻቸው። አረብኛ ስለማይችሉ ልጅቱ ለማስተርጎም አብራቸው ሄደች። ሐኪሙ ምን እንደሚያማቸው ሲጠይቅ አባት በአማርኛ «መኖር አስጠልቶኛል በዪው» አሏት። ልጅቱ ለሐኪሙ «አባቴን ሆዱን ያመዋል» አለችው። የጨጓራ መድኃኒት ታዝዞላቸው ተመለሱ።

ይህን ያወቅሁት ከ3 ሳምንት በኋላ ልጅቱ ከእናቷ ጋር ብርጭቆ ስታጥብ አጠገቧ ተቀምጬ ነው። ቀና ሳትል «ሲስተር፣ ሰው ለማዳን መዋሸት ኃጢአት ነው?» አለችኝ። ሐኪሙ እውነቱን ከሰማ ፖሊስ የሚጠራ መስሏት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱን ቢላዋ በፍራሿ ሥር ደብቃ፣ አባቷን ስትጠብቅ ነበር የምታድረው። ትምህርት ቤት እያንቀላፋች በመምህሯ ስትቀጣ እናቷም እኔም ምክንያቱን አናውቅም ነበር።

በዚያው ቀን ገብቼ ጋሼን በቀጥታ «ራስዎን ለመጉዳት አስበዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ይዘራል የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው፣ አይዘራም። እርሳቸው አለቀሱ፤ ይህን የጠየቃቸው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ከእድራቸው አረብኛ የሚችሉ አንድ ጎልማሳ ተፈልገው አብረዋቸው ሆስፒታል ሄዱ፣ መድኃኒትም ተጀመረ። ከሚስታቸው ጋር ቁጭ ብለን ደግሞ ሕመሙ ምን እንደሆነ ተነጋገርን። ስንፍና አለመሆኑን ስነግራት መጀመሪያ የተናገረችው ነገር አይረሳኝም፦ «ታዲያ እስከ ዛሬ የሰደብኩት በሽተኛ ነው?»

ከዚያ በኋላ የቀለለ ሥራ ፈለግን። ከሰል አቀጣጥለው፣ ብርጭቆ አጥበው እንዲያግዟት ብንላቸው «ሰው ምን ይላል?» ብለው እምቢ አሉ። ስንሟገት ከረምንና በመጨረሻ የመረጡት ራሳቸው ናቸው፦ ማታ ማታ ሆሹ ውስጥ ለልጃቸውና ለጎረቤት ልጆች ፊደል ማስቆጠር። በ2 ልጆች ጀምረው 7 ደረሱ። ጠዋት ሸሚዝ መልበስ ጀመሩ። ትዳራቸው ገነት አልሆነም፤ በገንዘብ መጣላታቸው እንደ ወትሮው ነበር። ልጅቱ ግን መተኛት ጀመረች።

ይህን ያህል ስለ አንድ ቤት ማውራቴ ያለ ነገር አይደለም። የእኛ ካርድ አንድ ስም፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ሕመም ነው የሚጽፈው። የጋሼ ሕመም ግን በሚስታቸው ራስ ላይ፣ በልጃቸው ፍራሽ ሥርም ነበረ። አፍሪካውያን ሐኪሞች ይህን ከእኛ ቀድመው ተረድተውታል። ናይጄሪያዊው ዶክተር ቶማስ ላምቦ በ1954 አቤኦኩታ አጠገብ አሮ በተባለ ስፍራ በጀመሩት ሥራ ሕሙማኑ በግንብ ውስጥ ተዘግተው አይቀመጡም ነበር፤ በአካባቢው መንደሮች ውስጥ ይኖራሉ፣ ከቤተሰባቸውም አንድ ሰው አብሯቸው መጥቶ እያበሰለና እያስታመመ ይቆያል። የሱዳኑ ዶክተር ቲጃኒ አልማሂ፣ ኦምዱርማን ያለው የአእምሮ ሆስፒታል በስማቸው የተሰየመላቸው፣ እርሳቸውም ከባህል ሐኪሞች ጋር ተባብረው በመሥራት የታወቁ ነበሩ። ያን ሆስፒታል በር ያንኳኳ ወገን ሁሉ ስማቸውን ጠርቷል፤ ማን እንደነበሩ ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ወደ እኛ ሁኔታ የሚቀርበው ደግሞ የዩጋንዳው ነው። በደቡብ ምዕራብ ዩጋንዳ በ30 መንደሮች የተደረገና ውጤቱ በ2003 የታተመ ጥናት ነው። ድብርት ያለባቸው ሰዎች በየሳምንቱ፣ ለ16 ሳምንት በቡድን ይሰበሰቡ ነበር። ቡድኑን ይመሩ የነበሩት ሐኪሞች አይደሉም፤ 2 ሳምንት የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። የሚነጋገሩትም እንደ ሰው ሞት ሐዘን፣ ከቅርብ ሰው ጋር ጠብና የኑሮ ለውጥ ባሉ ነገሮች ዙሪያ ነው። ሕመሙ በእጅጉ ቀለለላቸው። እነዚህን ነገሮች ልብ በሉ፤ ሁሉም የሚገኙት በቤትና በጎረቤት ውስጥ ነው። የእኛ በጎ ፈቃደኞችስ ከእነዚያ ሰዎች በምን ያንሳሉ?

እናቶችን በተመለከተ ጉዳዩ ሕፃኑንም ይነካል። አገራችን ውስጥ ቡታጅራ አካባቢ ነፍሰ ጡሮችን በመከታተል የተደረገውና በ2009 የታተመው ጥናት በእርግዝና ጊዜ የመንፈስ ጭንቀት ምልክት የታየባቸው እናቶች ምጣቸው የመርዘም፣ ጡት ማጥባት የሚጀምሩበትም ጊዜ የመዘግየት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። የሕፃን ክንድ ለክተን ቀይ ሲሆን የተመጠነ ምግብ እንሰጣለን፤ ደግ አደረግን። የእናቲቱን ፊት ቀና ብለን የምናየው ስንቶቻችን ነን? ለማጉረስ አቅም ያጣች እናት ፓኬቱን ይዛ ብትሄድ ሕፃኑ በማግሥቱ እዚያው ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን ቀዳም ሥዑር ነበረች፣ ሙስሊም ወገኖቻችን የረመዳንን የመጨረሻ ቀናት ይጾሙ ነበር። የዶሮው ሽንኩርት ተከትፎ ነው ተኩሱ የተጀመረው። በቀጣዮቹ ሳምንታት ከካርቱም ወደ መዳኒ፣ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ከሰላ ስንበተን በየመንገዱ ቤተሰብ ተለያየ። ብዙዎቻችን ወደዚህ መጠለያ የመጣነው ግማሽ ቤት ይዘን ነው።

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በዚህ ጣቢያ የማየው ከባዱ ድብርት ከዚህ የመጣ ነው። በባህላችን መርዶ ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎችና ዘመዶች በማለዳ ይሰበሰባሉ፣ ሐዘንተኛው ከቤት ሳይወጣ ይነገረዋል፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው በግራ በቀኝ አለ። እድርተኛው ድንኳን ይጥላል፣ ንፍሮው ይቀርባል፣ ሰው ብቻውን አያድርም። ይህ ሁሉ ሕክምና ነው፤ ስሙን ሕክምና ስላላልነው ነው እንጂ። ዛሬ ግን መርዶ የሚደርሰው በስልክ፣ በፌስቡክ ፎቶግራፍ ሥር ነው። ውኃ ወረፋ ላይ ቆማ የወንድሟን ሞት ያነበበች ልጅ አውቃለሁ። ጄሪካኗን ሞልታ ወደ ቤት ተመለሰች፤ ለእናቷ የነገረችው ከ8 ቀን በኋላ ነው።

ከመርዶው የከፋው ደግሞ መርዶ አለመኖሩ ነው። ባለቤቷ ካርቱም የቀረባት አንዲት እህት እንዲህ አለችኝ፦ «ጥቁር ብለብስ በሕይወት ያለውን ገደልኩት ማለት ነው። ባልለብስ ደግሞ ሞቶ ከሆነ በደልኩት።» ለቅሶ መቀመጥም ተስፋ ማድረግም አትችልም። 13 ዓመት የሆነው ልጇ አባወራ ልሁን ብሎ ታናናሾቹን ይመታል፣ ትምህርት ትቷል። እርሷ ግን ከፍራሽ አትነሣም። ጎረቤቶቿ «ቁርጡን እወቂና እርምሽን አውጪ» ይሏታል፤ አትበሏት። ቁርጡ የሚታወቅ ቢሆን ኖሮ ታውቀው ነበር። ማድረግ የሚቻለው የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ የጠፉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልጉበት አገልግሎት ዘንድ ስሙን ማስመዝገብ ነው። ልጁን ትምህርት ቤት መመለስ፣ በበዓል ቀን ደግሞ ሳትጠራ ቡና ይዞ መሄድም አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ ክሊኒክ ውስጥ ማንም ባለሙያ ይህን ያህል ጊዜ አይሰጣትም።

ስለ ስልክ ሳነሣ፣ ውጭ አገር ያለ ልጅ ገንዘብ ሲያቋርጥ «ረሳን፣ ነጭ ሆነ» ይባላል። ምናልባት እርሱም ከፍራሽ መነሣት አቅቶት ይሆናል። እኛ «ደህና ነን» እንላለን፣ እርሱም «ደህና ነኝ» ይላል።

በጥር 2025 አሜሪካ የስደተኞች መቀበያ ፕሮግራሟን ስታቆም ደግሞ ዓመታት የጠበቁ፣ የሕክምና ምርመራ እንኳ የጨረሱ ቤተሰቦች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ያን ሰሞን በየቤቱ ጠብ ሲበዛ አይቻለሁ፤ «ያኔ አንተ ባትዘገይ» «አንቺ ያን ቃል ባትሰጪ» እየተባለ። በዚያው ዓመት መጋቢት የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ ደግሞ አንዱ «እንመለስ» ሌላው «አንመለስም» የሚልበት ቤት ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ትልቅ ውሳኔ ላይ ድብርት የያዘው ሰው ያለበት ቤት ቢቻል እስኪሻለው ቢያዘገየው እመክራለሁ። ድብርት ያለበት ሰው ሁሉም መንገድ ተዘግቶ ነው የሚታየው፣ አንዳንዴም ለማምለጥ ብቻ ብሎ ይነሣል።

አሁን የሚቃወሙኝን ልመልስ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሐሳብ ስነግራት «አንዳንዷን የሚያሳምማት ቤተሰቧ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ልክ ናት። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «ቤተሰብ መድኃኒት ነው» ብዬ ወደ ደብዳቢዋ አልመልሳትም። ስለዚህ ሕመምተኛን መጀመሪያ ብቻውን ማነጋገር፣ ማን እንዲያውቅለት እንደሚፈልግ መጠየቅ ግዴታ ነው። ዱላ ካለ ከሽማግሌ በፊት የሴቶች ጥበቃ ክፍል ይቀድማል። ባልም ደብሮኝ ነው ቢል ድብርት ዱላ አያስነሣም፤ ስንት ደብሮት እጁን ያላነሣ ወንድ አውቃለሁ።

ስለ መድኃኒትም ቤተሰብ ማወቅ ያለበት አለ። እንደ ፍሎክሰቲን ወይም አሚትሪፕትሊን ያለ የድብርት መድኃኒት ለውጥ የሚያሳየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። በ10ኛው ቀን «ምንም አልረዳህም፣ የእብድ ኪኒን ነው» ብላችሁ አትጣሉበት። ከተሻለው በኋላም ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት አይቋረጥም። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ቁርዓን የሚቀራለትም ይቀራለት፣ ኪኒኑን ግን ይዞ ይሂድ። ሞትን የሚያነሣ ሰው ካለ ብቻውን አይተው፤ በቤት ያለ መድኃኒት፣ ገመድና ስለት ይነሣ፤ ማታም ቢሆን ወደ ክሊኒኩ ይምጣ። ይህን የሚጠብቀው ግን አዋቂ እንጂ ልጅ አይሁን።

ከአሠራራችን የምነቅፈው ይኸውላችሁ። በካርዱ ጀርባ ሁለት መስመር ቦታ አለ። እዚያ ላይ በዚህ ቤት ማን ይሠራል፣ ማን ዝም ብሏል፣ ማን ጠፍቷል የሚል ይጻፍ፤ ሕመምተኛው ከፈቀደ ብቻ። ልጅ ለወላጁ እንዳያስተረጉም ይከልከል፤ በጣቢያው አማርኛም ትግርኛም አረብኛም የሚችሉ ጎልማሶች ሞልተዋል። ሦስተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። የበጎ ፈቃደኞች የቤት ለቤት ጉብኝት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ወንዶቹ የቀን ሥራ ፍለጋ ወጥተዋል ወይም ከዛፍ ሥር ካርታ እየተጫወቱ ነው። ክሊኒክም አይመጡም፤ በዚህ ምክንያት በመዝገባችን ላይ ድብርት የሴቶች በሽታ ይመስላል። ከ10 ሰዓት በኋላ ግን ቤት ናቸው። የሚቀጥለው ወር መርሐ ግብር ገና አልወጣም።